ችካሉ ውኃ ውስጥ የተገኘበት መናፈሻ

መስከረም 2011 ዓ.ም አጋማሽ ላይ ከባሕር ዳር የመጡ ሁለት ገምጋሚዎችን ይዘን ወደ ጣና ሐይቅ ወረድን። ክልሉን የካፒታል ድጋፍ የጠየቅንበትን የመናፈሻ ቦታ ልናሳያቸው ነበር። ግንቦት ላይ ወሰኑን ስናመለክት 14 የባሕር ዛፍ ችካል ተክለን፣ ጫፍ ጫፋቸውን ቀይ ቀለም ቀብተን ነበር። ዘጠኙን አገኘናቸው። አምስቱን ፍለጋ ሣሩን ስንገላልጥ አንደኛው ገምጋሚ ዝም ብሎ ወደ ሐይቁ ያይ ነበር። ከዳር ሠላሳ እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ከውኃው በላይ ስንዝር የማይሞላ ቀይ ነገር ብቅ ብሏል። ዓሣ የምታድን ወፍ ቆማበታለች።

«ያ የእናንተ ነው?» አለን።

የእኛ ነበር። በሳይት ፕላኑ፣ ማለትም በቦታው ንድፍ ላይ የልጆች መጫወቻ ብለን ያሰመርነው ጥግ።

የከተማዋን ስም አልጠራም። ከጣና ዳር ከተሞች አንዷ ናት። በጉዳዩ የነበሩት ሰዎች አብዛኞቹ ዛሬም እዚያው ሥራ ላይ ናቸው፤ ስሕተቱም በዋናነት ሰነዱን ያዘጋጀነው የሦስታችን ነው። እኔ ዕቅድ ክፍል ነበርኩ፣ አንዱ መሐንዲስ፣ ሦስተኛዋ የፋይናንስ ባለሙያ። ይህን የምጽፈው የበጀት ጥሪ በመጣ ቁጥር የሌሎች ከተሞች ባልደረቦች እየደወሉ «ያጸደቃችሁትን ሰነድ ቅጂ ላኩልን» ስለሚሉኝ ነው። ቅጂውን እልካለሁ። ነገር ግን ከጸደቀው ይልቅ ተመላሽ የሆነው ብዙ ያስተምራል፤ እሱን ደግሞ ማንም አይጠይቀኝም።

ለምን ክልሉን መጠየቅ አስፈለገ

የከተማ አስተዳደር ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው መምህሩ፣ ጤና ጣቢያው፣ ጽሕፈት ቤቱ የሚተዳደርበት ነው፤ ክልሉ በቀመር የሚያከፋፍለው ጥቅል በጀት የሚገባው እዚያ ሲሆን፣ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው የማዘጋጃ ቤቱ ኪስ ነው፦ የሊዝ ገቢ፣ የቦታ ኪራይ፣ የገበያና የቄራ አገልግሎት ክፍያ። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻ ማንሣት፣ መናፈሻ ሁሉ ከዚህኛው መውጣት አለበት ተብሎ ይታሰባል። ባሕር ዳርን የሚያህል ከተማ ሊዙ ያቆመዋል። እንደ እኛ ያለች ትንሽ ከተማ ግን የማዘጋጃ ቤት ገቢዋ ቆሻሻ ለሚያነሡት ማኅበራት ከፍሎ፣ አንድ ሁለት ቱቦ ቀብሮ ያልቃል። ስለዚህ መናፈሻ የሚባል ነገር በየዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ይገባል፣ በየዓመቱ መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን፣ በ2010፣ በዓለም ባንክ ገንዘብ ይደገፍ የነበረው ዩ አይ አይ ዲ ፒ የሚባለው የከተሞች ፕሮግራም 117 ከተሞችን ይዞ ተጀምሯል። እኛ አልነበርንበትም። ግን ወሬው ደርሶናል፦ ከተሞቹ በየዓመቱ እየተመዘኑ፣ እንደ ውጤታቸው ገንዘብ ያገኛሉ። ከሚጠየቁት ነገር አንዱ «ያላችሁን ንብረት መዝግባችኋል ወይ? ትጠግኑታላችሁ ወይ?» የሚል ነው። የሰማነውን አልተማርንበትም። የክልሉ ገምጋሚዎች ግን በዚያ ዓይን ማየት ለምደው እንደመጡ አሁን ይገባኛል።

የመጀመሪያው ሰነዳችን ያማረ ነበር፤ ይህን ማመን አለብኝ። ባለ ቀለም ሥዕል፣ የብረት አጥር፣ ሁለት በር፣ የሣር ሜዳ፣ መሐሉ ላይ ፏፏቴ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ውኃ አጠገብ ፏፏቴ! ያን ጊዜ ከሦስታችን አንዳችንም አልሳቅንም። መግቢያው ላይ «ለከተማችን ውበት» የሚል ቃል ሰባት ጊዜ ይደጋገማል፤ ኋላ ቆጥሬዋለሁ። ሽንት ቤት የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም።

ዳሩ መስመር አይደለም

ጣናን በካርታ የሚያውቅ ሰው ዳሩን የተሰመረ መስመር አድርጎ ያስበዋል። ሐይቁ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ብዙው ዳርቻው ደግሞ ገበታ ነው። ውኃው በዓመት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍና ዝቅ ይላል። የሚጎድለው ሰኔ አካባቢ፣ የሚሞላው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ገደል ላይ ቢሆን አንድ ሜትር ተኩል ማንም ልብ አይለውም። ሜዳ ላይ ግን ውኃው ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ የሰው ቁመት ያላከለ ሙላት የኳስ ሜዳ ይውጣል።

እኛ መለኪያ ይዘን የወጣነው ግንቦት ላይ ነበር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ለጥናት የተያዘችው ትንሽ ገንዘብ ሳትመለስ መሥራት ነበረብን። የተከተልነው የካዝናውን ወቅት እንጂ የሐይቁን አልነበረም።

ለዚያ መሬት አገሩ ስም አለው፤ ባሕር ሸሽ ይለዋል። ውኃው ሲሸሽ የሚወጣው ጭቃ ላይ ገበሬው በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ችካል ስንተክል ከጎናችን ቆሞ ያየን አንድ ገበሬ ነበር። ምንም አላለንም። መስከረም ላይ ሳገኘው «ለምን አልነገርከንም?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መሐንዲስ ይዛችሁ መጣችሁ፤ የምታውቁ መሰለኝ» አለኝ።

ከዚህ በላይ የሚያሳፍር መልስ እስካሁን አልሰማሁም።

ባሕር ሸሹን የሚያርሱት ሦስት አባወራዎች ነበሩ። የመሬት ይዞታ ደብተር የላቸውም፤ መሬቱ በዓመት ግማሹን ሐይቅ ስለሆነ ማን ደብተር ይሰጥበታል? በሥራ ላይ የነበረው የካሣ አዋጅ 455/1997 የሚያውቀው ሕጋዊ ባለይዞታን ነው። በወረቀት ከሄድን ያለ አንዲት ሳንቲም ልናስነሣቸው እንችል ነበር፤ በመጀመሪያው ሰነድ «ቦታው ከማንኛውም ይዞታ ነፃ ነው» ብለን የጻፍነውም በዚህ ሒሳብ ነው። ቃሉ ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ደብዳቤው

ጥቅምት ላይ ሰነዱ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ተመለሰ። ደብዳቤው አጭር ነው። የቦታው ወሰን ከሐይቁ ከፍተኛ ሙላት በላይ መሆኑ ይረጋገጥ ይላል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ስለተመዘገበ ቦታው በየትኛው ቀጠና እንደሚወድቅና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ መሠራቱ ይገለጽ ይላል። ሦስተኛው ነጥብ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፦ ከርክክብ በኋላ የሥራ ማስኬጃና የጥገና ወጪውን ማን፣ ከየትኛው ገቢ፣ በየትኛው የምክር ቤት ውሳኔ ይሸፍናል?

እኛ የጻፍነው «በከተማው አስተዳደር ይሸፈናል» የሚል ነበር። የፋይናንስ ባለሙያዋ ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ «ማን ነው የከተማው አስተዳደር? እኔ ነኝ? እኔ ዘንድ እንደዚህ የሚል የበጀት መደብ የለም» አለች። ከከንቲባው ጀምሮ ሁላችንም ዝም አልን።

አንዳንዱ ባልደረባ ክልሉ መናፈሻን እንደ ቅንጦት ቆጥሮ ነው የመለሰው ብሎ ተቀየመ። አልተስማማሁም፤ ዛሬም አልስማማም። ደብዳቤው ውስጥ መናፈሻ አያስፈልጋችሁም የሚል ቃል የለም። የጠየቀን ችግኙን በሚያዝያ ፀሐይ ማን እንደሚያጠጣው ነው። ድጋፍ ሰጪ አካል ያየውን ያውቃል፦ ሪባን የተቆረጠበት፣ ፎቶ የተነሣበት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በጠራራ ላይ የደረቀ ሣርና የተነቀለ ቧንቧ የቀረበት ስንት አደባባይ አለ።

ሁለተኛው ዙር በጫማ ተጀመረ

ከዚያ ወዲህ የሠራነው ሥራ ቢሮ ውስጥ አልነበረም። ኅዳርና ታኅሣሥን ሐይቁ ዳር አሳለፍን። ከሁሉ በፊት አሮጊቶችንና ዓሣ አስጋሪዎችን ይዘን ውኃው በሞላበት ዘመን የት ድረስ እንደመጣ እየተራመዱ እንዲያሳዩን አደረግን። መሐንዲሱ በየቆሙበት ድንጋይ አኖረ። ድንጋዮቹ ሲገጣጠሙ የመስከረሙን ሙላት ከነመጠባበቂያው አልፈው ወደ ከተማው ገባ ያለ መስመር ወጣ፤ መናፈሻው ሁለት ሄክታር ከማይሞላው ስፋቱ ሲሶ ገደማ አጣ። ባሕር ሸሹ ለገበሬዎቹ ቀረ። ቦታው ሲጠብ ዋጋውም ረከሰ፤ ይህን አስቀድመን አላሰብነውም ነበር።

ቡና የምትሸጥ አንዲት እናት ነበረች፣ ከትልቁ ዋርካ ሥር። የምሳ ሰዓት ቡናችንን እሷ ዘንድ ስለምንጠጣ ሥራችንን ሁሉ ታውቃለች። አንድ ቀን ሥዕሉን ዘርግቼ «እትዬ፣ ወንበሮቹ እዚህ ጋ ቢሆኑ ይሻላል ወይስ ወደዚያ?» አልኳት።

«ልጄ፣ መቀመጫስ ድንጋዩም ይበቃኛል» አለች፣ ጀበናዋን እያዘነበለች። «በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ሽንታቸውን ይዘው ነው የሚውሉት። እኔም እንደዚያው። እሱን ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላት። በሁለተኛው ሰነድ ውስጥ ፏፏቴው የነበረበት ቦታ ላይ ውኃና መብራት ያለው የሕዝብ መጸዳጃ ተሣለ፤ ለሴት አራት ክፍል፣ ለወንድ ሁለት። መሐንዲሱ እኩል ይሁን ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ ባለ ቡናዋን ጠርቼ አጋጠምኳቸው። ተሸነፈ።

ታንኳ የሚሠሩት ሰዎች ነገር ከዚህ ይከብድ ነበር። ታንኳው የሚታሰርበትን የሐይቅ ዳር ተክል፣ ደንገሉን፣ አጭደው የሚያሰጡት ሣር ሜዳ ይሆናል ባልነው ቦታ ላይ ነው። ደንገል በደንብ ካልደረቀ ታንኳው ውኃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሜዳ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ ይፈልጋል። በዕድሜ የገፉት ታንኳ ሠሪ ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ካዩ በኋላ «ይህ አረንጓዴው ምንድን ነው?» አሉ።

«ሣር ነው ጋሼ።»

«የማን ከብት ይበላዋል?»

«የሚበላ አይደለም፤ ለማየት ነው።»

እየሳቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ሜዳው የማስጫ ቦታ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ዳር ያለው ደንገልም እንዳይነካ ተስማማን። ይህ ከባዮስፌሩ ጥያቄ ጋር ሲገጥም ለግምገማው ጠቀመን፦ ደንገሉ ከላይ የሚመጣውን ደለል ይይዛል፣ ዓሣውም ይራባበታል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ከማንኛውም ሣር ይልቅ ታንኳ ሲታሰር ማየት ይወዳል። እውነቱን ለመናገር ይህን ምክንያት ያገኘነው ከተስማማን በኋላ ነው፤ ሰነዱ ውስጥ ግን ፊት እንዲመጣ አድርገን ጻፍነው።

አጥሩስ? በመጀመሪያው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ትልቁ ወጪ እሱ ነበር። ያ ሜዳ ጥምቀተ ባሕር ነው። ከተማዋ ውስጥ እስከዛሬ ሳይሸነሸን የቀረው አንድ ክፍት ቦታ ለምን ሊሆን ቻለ ቢባል መልሱ ይህ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 10 ታቦቱ ወርዶ የሚያድርበትን ቦታ ለቤት እንምራው የሚል ሹም አልተገኘም። በብዙ ከተሞቻችን እንዲሁ ነው፤ ማስተር ፕላን ያልጠበቀውን ሜዳ ታቦት ጠብቆታል። ለውይይት የተጠሩት የደብሩ አስተዳዳሪ ሁሉን ጸጥ ብለው ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ ታቦቱን ስናወርድ ቁልፉን ከማን ነው የምንቀበለው?» አሉ። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ፤ አጥሩም በዚያው ቀረ።

ባሕር ዳርን ብዙ ጊዜ ምሳሌ እያደረጉ ያነሡልን ነበር። ባሕር ዳር በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን ባለሙያዎች የተሠራ ፕላን አግኝታለች፤ በዘንባባ የተሰለፉት ሰፋፊ ጎዳናዎቿም የሚታወቁ ናቸው። ያም ሆኖ ሐይቁን ለማየት የወጣ እግረኛ ስንት ሆቴልና ስንት ግቢ ዞሮ እንደሚሄድ የከተማው ሰው ያውቀዋል። ሆቴል የገባ ሻይ አዝዞ ሐይቁን ያያል፤ ያልገባ የአጥር ግንብ ያያል። የእኛ ከተማ ሜዳ ገና ክፍት መሆኑ ድህነት ብቻ አይመስለኝም።

ማን ያጠጣዋል

ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰችው የፋይናንስ ባለሙያዋ ናት። አንድ ጥበቃና ሁለት አትክልተኛ ከማዘጋጃ ቤቱ ገቢ በመደብ ተያዘላቸው። መጸዳጃውን የሥራ አጥ ወጣቶች ማኅበር እያስከፈለ እንዲያስተዳድረው፣ ሁለት የሻይ ኪዮስክ ተከራይቶ ኪራዩ ለጥገና ብቻ በተከፈተ ሒሳብ እንዲገባ አደረገች። ከዚያም ይህ ሁሉ በከተማው ምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት ቃለ ጉባኤው ከነማኅተሙ ከሰነዱ ጋር ተያያዘ። አንድ ገጽ ተኩል ነው። ከባለ ቀለም ሥዕሎቹ ሁሉ ያ ገጽ ተኩል እንደበለጠ ኋላ ከገምጋሚዎቹ አንዱ በስልክ ነግሮኛል።

ሐምሌ 2011 የ2012 በጀት ሲታወቅ ድጋፉ ተፈቀደ። ከጠየቅነው የተቀነሰው የጀልባ ማቆሚያው ነው። አዝነን ነበር፤ ምክንያቱ ግን ትክክል ነበር። የጣና ከፍታ ዝናብ ብቻ የሚወስነው መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ከ1988 ጀምሮ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጫራ ጫራ ውኃው ይገደባል፤ ከ2002 ጀምሮ ደግሞ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ከምዕራቡ ዳር ይወስዳል። በ1995 ሐይቁ እጅግ ጎድሎ መርከብና ጀልባ የቆመበትን ጊዜ የሚያስታውሱ ገና አሉ። የኮንክሪት ማቆሚያ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ የሚቀር ነገር ነው። ለሚወጣና ለሚወርድ ውኃ እሱን ከማነጽ በፊት የብዙ ዓመት የከፍታ መዝገብ አይታችሁ ኑ ተባልን።

ሥራው በኅዳር 2012 ተጀመረ። መጸዳጃው፣ የእግር መንገዱ፣ የውኃ መስመሩ እስከ የካቲት ደረሰ። መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ። ሠራተኛው ተበተነ፣ የመብራት ምሰሶ ሊያቀርብ የነበረው አቅራቢ ዕቃው አዲስ አበባ ላይ ተያዘብኝ አለ፣ ሰኔ 30 ደግሞ ማንንም አልጠበቀም። ያልተከፈለው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ። ያን ገንዘብ ለማስቀጠል ጥያቄ ማቅረብ የነበረብን ሚያዝያ ላይ ነበር፤ ያስታወስነው ሰኔ 20 ነው። ስለዚህ መናፈሻው እስካሁን ማታ ጨለማ ነው፤ ለዚህ ኮሮናን ብቻ መውቀስ ለእኛ ይቀለናል።

ከሁለቱ አትክልተኞች አንደኛው መደብ በሁለተኛው ዓመት ተሰረዘ። የቀረው ሰው ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ይዞራል፤ የቧንቧው ግፊት በበጋ ላይኛው ጥግ ድረስ አይደርስም። ባለፈው ስሄድ ዋንዛዎቹ መሐል አገኘሁት። ስንቱ እንደጸደቀ ጠየቅሁት።

«ከሃያው አሥራ አንዱ ይዟል» አለኝ።

«ሌላውን ፀሐይ መታው?»

«ኧረ ፀሐይስ አልነካውም። ፍየል በላው።» ጀሪካኑን አስቀመጠና በእሾህ ዙሪያዋን የታጠረች አንዲት ችግኝ አሳየኝ። «አሁን አንድ በአንድ እያጠርኩ ነው። ያኔ አጥሩን ያስቀረው ሰው ማነው?»

እኔም ጭምር መሆኔን ነገርኩት። እሾህ የተቆረጠበትን ገጀራ አቀበለኝ።